ለኮንግረስ ተወካያችን፦ መሥራች አባቶቹን በግማሽ አይጥቀሱብን

ለተከበሩ የሰሜን ቨርጂኒያ የኮንግረስ ተወካያችን

ጉዳዩ፦ ስለ ቋሚ ሠራዊት፣ ስለ ሁለት ዓመቱ ገደብ እና በየዓመቱ መጨረሻ ስለሚሰጡት ድምፅ

ግልባጭ፦ ለአካባቢው አማርኛ አንባቢ መራጮች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የዚህን ደብዳቤ አጭር ቅጂ በእንግሊዝኛ ለቢሮዎ ልኬያለሁ። ይሄኛው ሙሉው ነው። በአማርኛ የጻፍኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ከኮሎምቢያ ፓይክ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው የአገሬ ሰው ድምፅ ይሰጣል፣ ግብር ይከፍላል፣ ሥራ ሲሄድ ፔንታጎንን በአውቶቡስ መስኮት እያየ ያልፋል፣ አንዳንዱም ልጁን ለውትድርና ሰጥቷል። ስለዚያ ሕንፃ በጀት ግን በቋንቋው ያነጋገረው ፖለቲከኛ የለም። እርስዎም ምርጫ ሲደርስ እንጀራችንን ቀምሰው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ክፋት የለውም፣ ደስ ይለናል። አሁን ግን ትንሽ ከበድ ያለ ነገር እናውራ።

ጁላይ 4 በመጣ ቁጥር መሥራች አባቶቹ ለንግግር ይፈለጋሉ። ሠራዊቱ ይጠናከር የሚለው ፖለቲከኛ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንን ይጠራል። በጃንዋሪ 1790 ለኮንግረስ ሲናገር፣ ለጦርነት ተዘጋጅቶ መገኘት ሰላምን ለመጠበቅ ፍቱን ከሆኑት መንገዶች አንዱ ነው ብሏልና። በጀቱ ይቀነስ የሚለውም ወደዚያው ወደ ዋሽንግተን ይሄድና የ1796ቱን የስንብት መልእክት ይመዛል። እዚያ ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ወታደራዊ ተቋም በየትኛውም ዓይነት መንግሥት ሥር ለነጻነት አይበጅም፣ ለሪፐብሊክ ነጻነት ደግሞ ጭራሽ ጠላቱ ነው ይላል። ሁለቱንም ያለው አንድ ሰው ነው፤ በመካከላቸውም ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላም። እርስዎም ሆኑ ተቃዋሚዎ የሚመቻችሁን ግማሽ ቆርሳችሁ ትወስዳላችሁ። ሌላው ግማሽ የት ይሂድ?

መሥራች አባቶቹ ቋሚ ሠራዊትን ይፈሩ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አልነበረም። እርግጥ የእንግሊዝን ታሪክ አጥብቀው ያውቁ ነበር። የጦር መሪው ክሮምዌል ንጉሡን ድል በመታው ጦር ተመክቶ በ1653 ፓርላማውን ራሱን ከአዳራሹ እንዳባረረ፣ በ1689 ደግሞ ፓርላማው ያለ እኔ ፈቃድ በሰላም ጊዜ ሠራዊት ማቆም ሕገ ወጥ ነው ብሎ እንደደነገገ ያውቃሉ። የቦስተን ሰው ግን ነገሩን በደጃፉ ነው ያየው። በ1768 የእንግሊዝ ወታደር ከመርከብ ወርዶ ከተማዋ ውስጥ ሰፈረ። የመጣው ጠላት ሊመክት ሳይሆን የቀረጥ ሹማምንቱን ሊጠብቅ ነው። ደመወዙ ስለማይበቃው በትርፍ ሰዓቱ የከተማውን ድሃ የቀን ሥራ በርካሽ ይሻማል፣ መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን እያስቆመ ማን ነህ ይላል፣ ሰዉም ይሰድበዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሲጠራቀም ቆይቶ ማርች 5፣ 1770 ማታ ተኩስ ተከፈተና አምስት ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ ክሪስፐስ አተክስ ነበር፤ የአፍሪካና የነባር አሜሪካውያን ደም ያለው መርከበኛ።

ለእነዚያ ወታደሮች ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረላቸው ማን መሰለዎት? ጆን አዳምስ፣ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው። አብዛኞቹ ነጻ ወጡ፣ ሁለቱ ብቻ ያለ ዕቅድ በመግደል ተፈረደባቸው። አዳምስ ከሦስት ዓመት በኋላ ማስታወሻው ላይ ፍርዱ ትክክል ነበር አለ፤ ያም ሆኖ ያቺ ሌሊት የቋሚ ሠራዊትን አደጋ ከምንም በላይ የምታሳይ ማስረጃ ናት ብሎ ጻፈ። ይቺን ነገር እወዳታለሁ። ወታደሩን አልጠላም። የጠላው ወታደሩን ከተማ መሃል አምጥቶ ከሕዝብ ጋር ያፋጠጠውን አሠራር ነው። ዛሬ የመከላከያ በጀት ላይ ጥያቄ ያነሳ ሁሉ ወታደር ጠል ተብሎ ሲፈረጅ ሳይ አዳምስ ትዝ ይለኛል።

ዘመዱ ሳሙኤል አዳምስ በ1776 የጻፈው ደግሞ ሌላ ነገር ይነካል። ወታደር ራሱን ከቀረው ዜጋ የተለየ አካል አድርጎ ማየት ይቀናዋል ይላል። በዚያው ዓመት የነጻነት አዋጁ ንጉሡን ከከሰሰባቸው ነገሮች መካከል በሰላም ጊዜ ያለ ምክር ቤቶቻችን ፈቃድ ሠራዊት አቆመብን፣ ወታደሩን ከሲቪሉ ሥልጣን በላይ አደረገው የሚሉ ይገኙበታል። የእርስዎና የእኔ ጎረቤት ጆርጅ ሜሰንም፣ ያው ልጆቻችን የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ የተሰየመለት፣ የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ሲያረቅ በሰላም ጊዜ ቋሚ ሠራዊት ለነጻነት አደገኛ ስለሆነ ይወገድ ብሎ አንቀጽ 13 ላይ አስገባው። ቤቱ ጋንስተን ሆል አሁንም እዚሁ ፌርፋክስ ውስጥ ቆሟል፤ ከዋሽንግተን ማውንት ቨርነን ብዙም አይርቅም።

ከዚያ ነጻነቱ መጣ፤ ፍርሃቱ ግን የራሳቸውን ሠራዊት ተከትሎ ቤት ድረስ ገባ። በማርች 1783 ኒውበርግ የሰፈሩት መኮንኖች ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ኮንግረሱን ለማስፈራራት መዶለት ጀመሩ። ዋሽንግተን ራሱ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ደብዳቤ ሊያነብላቸው ሲል መነጽሩን አወጣ፤ በአገልግሎታችሁ ፀጉሬ ብቻ ሳይሆን ዓይኔም ደክሟል የሚል ነገር ተናገረ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ ነገሩ በዚያው ከሸፈ። በጁን ደግሞ ደመወዝ ያጡ ወታደሮች ፊላዴልፊያ ላይ ኮንግረሱ ያለበትን ሕንፃ ከበቡት። የምክር ቤቱ አባላት ከተማውን ለቀው ፕሪንስተን ገቡ። ዲሴምበር 23፣ 1783 ዋሽንግተን አናፖሊስ ድረስ ሄዶ የጦር አዛዥነት ሹመቱን ለኮንግረሱ መለሰ። ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ትልቅ ሰው ነው፣ እሺ። ግን አገር በየጊዜው ዋሽንግተን እንዲወለድላት እየጠበቀች አትኖርም። እነሱም ይህን አልሳቱትም።

ቀጥሎ ያደረጉት ለዛሬ ሰው ቀልድ ይመስላል። በጁን 1784 ኮንግረሱ ሠራዊቱን በትኖ ለፎርት ፒት 25፣ ለዌስት ፖይንት 55 ወታደር ብቻ እንዲቀር ወሰነ። ሰማንያ ሰው! የመሣሪያ መጋዘን ዘበኛ ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ የምዕራቡን ድንበር ማን ይጠብቅ የሚል ጥያቄ መጣና ከአራት ግዛቶች ሚሊሺያ 700 ሰው እንዲውጣጣ ጠየቁ። ቆራጥነታቸው አንድ ሌሊት አደረች።

በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። ኤልብሪጅ ጌሪ በሰላም ጊዜ ሠራዊቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሺህ ሰው አይበልጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ወደቀ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ማዲሰን እዚያው ጉባኤ ላይ፣ ከውጭ ጠላት መከላከያ የሆነው መሣሪያ ሁልጊዜም የአገር ቤት አምባገነን መሣሪያ ሆኖ ይገኛል ብሎ አስጠነቀቀ። በኋላ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ሃሚልተን በበኩሉ እንግሊዝ ካናዳ፣ ስፔን ፍሎሪዳ ተቀምጠው ሳለ በገበሬ ሚሊሺያ ብቻ አገር አትጠበቅም ባይ ነው። ሜሰንና ጌሪ በመጨረሻ አንፈርምም ብለው ቀሩ፤ ምክንያታቸው ይህ ብቻ ባይሆንም ይህም አንዱ ነበር።

አልተስማሙም። ተቋሙ ይኑር አይኑር፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ በዚህ ላይ አልተስማሙም። የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡን ማን፣ ለስንት ጊዜ ይስጥ በሚለው። አንቀጽ 1፣ ክፍል 8 ላይ ኮንግረስ ሠራዊት ማቋቋምና መደገፍ ይችላል ይልና ወዲያው ለዚህ የሚመደብ ገንዘብ ከሁለት ዓመት ለበለጠ ጊዜ አይሁን ይላል። ለባሕር ኃይሉ ይህ ገደብ የለም። መርከብ ከተማ ገብቶ ፓርላማ አይከብም ብለው ይሆናል። ሁለት ዓመት የእርስዎም የሥራ ዘመን ነው። አንድ ኮንግረስ ተከታዩን ኮንግረስ ሠራዊት ሊያሸክመው አይችልም ማለት ነው። ሃሚልተን፣ ያ ትልቅ ሠራዊት ፈላጊው ሃሚልተን፣ ሕዝቡን ሕገ መንግሥቱን እንዲቀበል ሲያግባባ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ምክር ቤቱ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ሠራዊት መኖሩ ይገባል ወይ ብሎ ለመምከር፣ አዲስ ውሳኔ ለመስጠትና አቋሙን በሕዝብ ፊት በድምፅ ለማሳወቅ ይገደዳል አለ። ሦስቱንም ልብ ይበሉልኝ። መምከር፣ መወሰን፣ በአደባባይ ማሳወቅ።

እዚህ ላይ የበጀት ቀናሾቹን ወገን፣ ማለትም የራሴን ወገን ጓደኞች፣ የሚያስከፋ ነገር ልናገር። ሚሊሺያው አልሠራም። በኖቬምበር 1791 ጄኔራል ሴንት ክሌር ኦሃዮ ውስጥ በነባር ሕዝቦች ጥምር ጦር ተመትቶ ከ600 በላይ ወታደር አለቀበት፤ ኮንግረሱም በተከታዩ ዓመት የተሻለ የሠለጠነ ጦር አቋቋመ። ሠራዊት ፈሪው ጄፈርሰን ሥልጣን ሲይዝ በ1802 የዌስት ፖይንትን የጦር አካዳሚ ያቋቋመው ራሱ ነው። ማዲሰንማ ከሁሉ የባሰውን አየ። በኦገስት 1814 ብላደንስበርግ ላይ፣ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርበት ሰፈር አጠገብ፣ ሚሊሺያው ተፈረካከሰ፤ እንግሊዞች በዚያው ማታ ዋይት ሃውስን አቃጠሉት። ፕሬዚዳንቱ ማዲሰን ነበር። ምክትሉም ሦስት ሺህ ይበቃል ያለው ያው ኤልብሪጅ ጌሪ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ሌላም አለ። በደቡቡ ግዛቶች ሚሊሺያው ነጻነት ጠባቂ ብቻ አልነበረም፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች እንዳያምፁና እንዳያመልጡ ሌሊት የሚያስሰው ቅኝት የሚወጣው ከእሱው ነበር። ድንበር ላይ የተላከው ትንሹ መደበኛ ጦርም ዋና ሥራው የነባር ሕዝቦችን መሬት ማስለቀቅ ነበር። ስለዚህ ወደ ደጉ የሚሊሺያ ዘመን እንመለስ የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም። የምፈልገው እነሱ የኖሩበትን ዘመን አይደለም፤ ለእርስዎ ያስቀመጡልዎትን ሥራ ነው።

ይህ ነገር እኛን ሐበሾችን ምን አገባን የሚል ይኖራል። እኛን ካላገባን ማንን ሊያገባ ነው? ታኅሣሥ 1953፣ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነሳው የገዛ ጠባቂያቸው ክቡር ዘበኛ ነው። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሩ ምግቡና ውሃው ከፋብኝ ብሎ አዛዦቹን ያዘ፤ ቅሬታው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ደርግ ቤተ መንግሥት ገባ። እዚህ አካባቢ ካሉት ሽማግሌዎቻችን ስንቱ ነው በዚያ ምክንያት ሱዳን አቋርጦ የመጣው? አሜሪካ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ይመጣል እያልኩ አይደለም፤ እንዲያ የሚያስብ ካለ ዜና አብዝቶ ይመስለኛል፣ እንቅልፍ ይተኛ። የምለው፣ የታጠቀን ተቋም ማን ይቆጣጠረው የሚለው ጥያቄ ለእኛ የትምህርት ቤት ጥያቄ አይደለም።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ማዲሰን በ1788 ሲያሰላ አንድ አገር ቢበዛ ሊሸከም የሚችለው ሠራዊት ከሕዝቡ አንድ መቶኛ አይበልጥም ብሎ ነበር፤ ለያኔዋ አሜሪካ ከ25 እስከ 30 ሺህ ሰው። በዚህ ስሌት የዛሬው 1.3 ሚሊዮን ገደማ መደበኛ ወታደር ከጣሪያው በታች ነው። አንድ መቶኛው እኮ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ በሰው ቁጥር መሥራች አባቶቹ ይደነግጡ ነበር ማለት አያዋጣም። የሚያስደነግጣቸው ሌላ ነው። ሠራዊቱ ከጃፓን እስከ ጅቡቲ በሰላሙም ጊዜ ሰፍሮ መኖሩ አንዱ ነው። ግዳጅ ምልመላ በ1973 ከቀረ ወዲህ ውትድርናው የጥቂት ቤተሰቦች ዕጣ መሆኑ፣ ሳሙኤል አዳምስ የፈራው ያ የተለየ አካል፣ ሌላው ነው።

ዋናው ግን ድምፁ ነው። የመከላከያ ፈቃድ ሕጉ ከ60 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ በየዓመቱ ሲያልፍ ኖሯል። የ2024 የበጀት ዓመቱ ወደ 886 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር፤ ሰነዱ ከ900 ገጽ በላይ ነው፤ ምክር ቤታችሁ በዲሴምበር 2023 በ310 ለ118 አጸደቀው። ማሳለፍ ግድ ነው ስለሚባል ሁሉም የራሱን ጉዳይ እዚያ ላይ ይሰካል። ፔንታጎን በ2018 የመጀመሪያውን ሙሉ ኦዲት አደረገ፣ አላለፈም፤ ከዚያ ወዲህም አልፎ አያውቅም። የኪራይ ውሉን በየዓመቱ እያደሰ ቤቱን ገብቶ የማያይ አከራይ ሆናችኋል። ሁለት ዓመቱ ገደብም ቢሆን ተሸርሽሯል። የመንግሥት ጠበቆች በ1904 ገደቡ መሣሪያ ግዢን አይመለከትም አሉ፤ በ1948 ደግሞ ለአየር ኃይል ተመሳሳይ አስተያየት ተሰጠ። ዛሬ የአውሮፕላን መግዣ ገንዘብ ለሦስት ዓመት ይቆያል። ሕጋዊ ነው፣ አልከራከርም። ሜሰን ቢሰማው ምን እንደሚል ግን ይገባኛል።

ጦርነቱንስ ማን ያውጃል? ዜግነት ለመውሰድ ስናጠና ከፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣኖች አንዱን ጥቀሱ የሚል ጥያቄ አለ። እናቶቻችን በስተርጅና ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጠው፣ ጦርነት ማወጅ የሚለውን መልስ በእንግሊዝኛ ሸምድደው ፈተናውን አልፈዋል። ኮንግረሱ ያንን ሥልጣን ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀመበት በጁን 1942 ነው፣ በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሩማንያ ላይ። ኮሪያ፣ ቬትናም፣ ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን ሁሉም ያለ ዐዋጅ ናቸው። አንዳንዶቹ የኮንግረስ ፈቃድ ነበራቸው፣ ኮሪያ እሱም አልነበራት። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ በዚያው በሴፕቴምበር 2001 የወጣው በጦር ኃይል የመጠቀም ፈቃድ ዋናው አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 60 ቃል ነው። የተጻፈው ያንን ጥቃት ላደረሱት ነው። በ2016 ግን ሶማሊያ ውስጥ ያለው አልሸባብ በዚያው ፈቃድ ሥር ተካተተ። ያ ቡድን በ2001 አልነበረም። አልሸባብን ለመከላከል አልጽፍም፤ ለጎረቤቶቻችን ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ግን በእኛ ሰፈር፣ በአፍሪካ ቀንድ፣ ጦርነት የሚገባ ከሆነ ከእናንተ አንዳችሁ እጁን አውጥቶ አዎ ወይም አይ ማለት ነበረበት። በ2001 ምክር ቤታችሁ 420 ለ1 ሲወስን አይ ያለችው የካሊፎርኒያዋ ተወካይ ባርባራ ሊ ብቻዋን ነበረች። በፈቃዱ ልክ ማጣት ያሰማችው ስጋት ትክክል ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የምጠይቅዎትን ልናገር። ሠራዊቱን ይበትኑ አልልም። ሰማንያ ሰው ይብቃ የሚል ዘመን አልፏል፣ በዚያን ጊዜም አንድ ቀን ነው የቆየው። የሚቀጥለው የመከላከያ ሕግ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ለመራጮችዎ ስብሰባ ይጥሩ። አዳራሹን እኛ እንፈልጋለን፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም የመስጊድ አዳራሽም አለ። እዚያ ቀርበው የትኛውን የጦር ሰፈር፣ የትኛውን ዘመቻ፣ የትኛውን የመሣሪያ ግዢ እንደሚደግፉና ለምን እንደሆነ ይንገሩን። ኦዲቱ ባላለፈ ቁጥር በገንዘቡ ላይ የሚያስከትለው አንዳች ነገር እንዲኖር ሐሳብ ያቅርቡ፤ ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። የ2001ዱን ፈቃድ ደግሞ መጨረሻ ቀን፣ ቦታና የጠላት ስም ባለው ሌላ ፈቃድ ለመተካት፣ ወይም ጭራሽ ለመሻር፣ በስምዎ የተመዘገበ ድምፅ ይስጡ። ይቀጥል ካሉም ይቀጥል ብለው ይስጡ። እንቃወምዎ ይሆናል፣ ግን ቢያንስ አቋምዎን እናውቃለን።

ስብሰባው ላይ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ እኛው እናዘጋጃለን። ለቢሮዎ የሚመቸውን ሦስት ቀን ይላኩልን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን የታክሲና የሆስፒታል ፈረቃ ላለው ሰው ይሻላል። በፋሲካና በኢድ ሰሞን ባይሆን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣

ከአሌክሳንድሪያ፣ አንድ መራጭዎ